የተሰረዘው መስመር

መምህርት መቲ ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል አሥረኛ ዓመት በዓል መጽሔት የክፍሉን ታሪክ እንድትጽፍ ታዘዘች። ይህን የሰሙ አዴ ጉዴ የሚባሉ እናት ሰኞ ዕለት ከእንጭኒ አምቦ ድረስ መጡ። አንድያ ልጃቸው ዋቆ፣ በዚያው ክፍል ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞት የሞተ ተማሪ ነው።

«ልጄ፣ ስሙን ብቻ ጻፊልኝ» ብለው አለቀሱ። ጻፈችላቸው።

ማክሰኞ የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ አዱኛ ረቂቁን አነበቡ።

«በበዓል ቀን ሬሳ ምን ያደርጋል? ይሄን መስመር አጥፊው።»

«እናቱን ምን ልበላቸው?»

«ይለምዱታል።»

መቲ ሰረዘችው። ረቡዕ ጠዋት ይቅርታ ልትጠይቅ ደወለች።

«አዴ ጉዴ፣ መቲ ነኝ። ስለ ዋቆ ነበር።»

«የትኛው ዋቆ?»

«ልጅዎ ነዋ! ሰኞ እኮ መጥተው ያለቀሱለት።»

አዴ ጉዴ ሳቅ አሉ። «ተሳስተሻል የኔ ልጅ። ለእኔ እኮ ፈጣሪ ልጅ አልሰጠኝም።»

መቲ ስልኩን ወርውራ የሰረዘችውን ስም መልሳ ልትጽፍ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ከዚያ የማንን ስም ልትጽፍ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች።