አምና የመጣችው እንግዳ

ይገዙና ሚስቱ ሀሴት ከስቶክሆልም ተነስተው፣ በሰሜን ኖርዌይ ጫፍ ካለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ሲደርሱ ሁለቱም ቦታውን አያውቁትም ነበር። የእንግዳ ማረፊያውን በር የከፈቱት አዛውንት ሴት ሀሴትን እንዳዩ እቅፍ አደረጓት።

«ሀሴትዬ፣ እንደገና መጣሽልን?» አሏት።

«ተሳስተዋል፤ እዚህ መጥቼ አላውቅም» አለች ሀሴት በስዊድንኛ።

ክፍሉን የያዘው ይገዙ በራሱ ስም ነው። የሚስቱን ስም ለማንም አልተናገረም። ሻንጣውን ወለሉ ላይ ወረወረው።

«አምና ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ እያልሽ ስትጠፊ እዚህ ነበርሽ?»

«ማርያምን፣ ሴትዮዋን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

«ስምሽን ከየት አመጡት ታዲያ? እኔ ስቶክሆልም፣ ቮርቢ ጎርድ ቤታችን ልጅ ታቅፌ ስጠብቅሽ አንቺ...» ወደ አዛውንቷ ዞረ። «ከማን ጋር ነበር የመጣችው? እውነቱን ይንገሩኝ።»

አዛውንቷ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«ብቻዋን ነበረች። ባሏን ባሕር በልቶት፣ አስከሬኑን ልትወስድ ነው የመጣችው» አሉት። «ቁርጥ አንተን ነበር የሚመስለው። ወንድሙ ነህ?»