የተቆረጠው ቁጥር

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው በመኪናዋ የሻንሲ ቁጥር ዙሪያ ቀጭን የብየዳ መስመር ብቅ አለ። አራት ማዕዘን ነው። አንድ ሰው ቁጥሩ ያለበትን ላሜራ ቆርጦ ወስዶ፣ በቦታው ሌላ ቁራጭ በይዶ፣ ያንኑ ቁጥር እንደገና መትቶበታል።

«ምን አገኘህ?» አሉኝ ጋሼ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም እንደ ልማዳቸው ጋራዤ መጥተው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

መኪናዋ የአንዲት ነርስ ናት፤ ከሟች አባቷ የወረሰቻት፣ እኔ ሳልወለድ የተሠራች አሮጊት። ትናንት የመኪና ምርመራ ላይ መርማሪዎቹ «ቁጥሩ አዲስ ይመስላል፣ የተሰረቀች ሳትሆን አትቀርም» ብለዋታል። እስከ ነገ ማስረጃ ካላመጣች መኪናዋን ሊይዙባት ነው። እውነተኛው ቁጥር ይሄኔ የሆነ የተሰረቀ መኪና ላይ ተበይዶ፣ በሟቹ ስም ደረቱን ነፍቶ ከተማውን ይዞራል።

መስመሩን በባትሪ ተከተልኩት። ጫፉ ላይ ሁለት ጠብታ አለ፣ ጎን ለጎን። ብየዳ ሲጨርሱ ሁለቴ ነካ ነካ አድርጎ ማቆም የጋሼ አመል ነው፤ «እንዳይሰነጠቅ» ይሉ ነበር። ከሳቸው ሌላ እንዲህ የሚጨርስ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

«አምና ቀለም የቀቧት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ታዲያ ብቀባትስ?»

«ጋሼ፣ አባቷ እኮ ጓደኛዎ ነበሩ! ቀብራቸው ላይ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት!»

«ምን ጎደለባት? መኪናዋ እንዳለች ናት። ቀባ አድርጋትና ተወው።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ፈገግ አሉ። «እናገራለሁ ካልክም፣ ያንተም ብየዳ እንደዚሁ ነው። ማን ያምንሃል የኔ ልጅ?»

«የኔ ልጅ» ማለታቸው ዘገነነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይቺን ቃል ስሰማ ደረቴ ሞቅ ይለኝ ነበር። እጄን አየሁት። ሙያዬ ሁሉ የሳቸው ነው፤ ቢቻል አውልቄ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ነርሷ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር እየሮጠች ገባች። ጋሼን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ ጋሼ! እርስዎ ካሉማ ምን ያስፈራኛል! አባዬ ከርስዎ ሌላ ሰው አያስነካትም ነበር» ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ» አሏት፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ።

ባትሪውን አነሳሁ።

«ነይ ወደዚህ» አልኳት፣ ባትሪውን ጠብታዎቹ ላይ አድርጌ። «ጋሼ ቁጥርሽን ቆርጠው ሸጠውብሻል። ይሄ የጋሼ ብየዳ ነው። የኔም እንደዚሁ ነው፤ ነገ ምርመራው ዘንድ ስትሄጂ የሁለታችንንም ስም ስጪ። እነሱ ይለዩን።»

የጋሼን እጅ ሳትለቅ፣ ጠብታዎቹን ልታይ ከተከፈተው ኮፈን ስር ጎንበስ አለች።