ከበረዶው ስር ያለ ውሃ

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ በረዶ መከመር ከጀመረ ወዲህ የሐኪም ቤቱ መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። አስጋኸኝ በየብስም በውሃም የምትሄድ ባለስድስት ጎማ መኪና ነበረችው። ሚስቱ እታፈራሁ አስሟ ሲብስባት የቤታቸውን የብረት በር ነቀለና በረዶ እንዲጠርግ ከመኪናዋ ፊት በቡሎን አሰረው። ደጃፉ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ።

ጠዋት እሷን አሳፍሮ በረዶውን እየገፋ ወጣ። ጎረቤቶቹም ሕመምተኞቻቸውን ተሸክመው በከፈተው መንገድ ተከተሉት።

"ግድቡ የት ጋ ነው?" አለችው ትንፋሽ እያጠራት።

"እኔም አልለየሁትም።" መንገዱ ዳር ያለው የግድቡ ውሃም ረግቶ በበረዶ ስለተሸፈነ ሁሉም ነጭ ነበር።

ወዲያው ከስራቸው በረዶው ተሰነጠቀና መኪናዋ ውሃ ውስጥ ገባች። ብትንሳፈፍም የበሩ ክብደት ፊቷን ወደ ታች ደፈቃት። አስጋኸኝ ጎንበስ ብሎ በደነዘዘ እጁ ቡሎኖቹን ፈታ። በሩ ሰጠመ፤ መኪናዋ ቀና አለች።

ማዶ ሐኪም ቤቱ ጋ ሲወጡ አንዲት ነርስ ልትቀበላቸው ወጣች፤ ጎረቤቶቹ ግን ከወዲያኛው ዳር ቆመው ይጣሩ ነበር።

"እኔን ለነርሷ ስጠኝና ተመለስላቸው" አለች እታፈራሁ።

"ብሰጥምስ?"

እጁን ጨበጠችው።

ተመለሰ። የመጨረሻውን ሕመምተኛ አሻግሮ ሲገባ እታፈራሁ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች። አልጋዋ ስር ቁጭ ብሎ ትንፋሿን ያዳምጥ ጀመር።