እማዬን ስልክ ውስጥ የምትፈልገው ልጅ

«እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ልጅሽ አንቺኑ ብትጠይቅሽ… ምን ትያለሽ?

ይቺን እናት የገጠማት ይኸው ነው።

ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር።

«እኔ አለሁ አይደል፣ የኔ ማር…»

«አንቺማ ማታ ማታ የምትመጪው ነሽ።»

ይህን ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች… ከውስጥ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ «ምን ልርዳዎት?» ሲል የልጅቷ ፊት በራ።

«እማዬ!»

ነገሩ የጀመረው ስልክ ላይ በድምፅ ጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ድርጅት ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጀርባ ሁለት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሳለ ነው። እናትየዋ እዚያ ጽዳት ነበረች።

አለቃውን ሁሉም «መነጽሮ» ነው የሚለው። ሕፃኗን ስታባብል ሰማትና፣ የሀገራችን ሰው ብዙው በአፉ ነው የሚጠይቀው፣ የሚመልስለት ድምፅ ያንቺ ይሁን አላት።

ማንበብ ብዙም አይሆንላት…

ስለዚህ ሠራተኞቹ ቃሉን በጆሮ ማዳመጫ ይነግሯታል፣ እሷ ትደግማለች፣ ድምፅዋ ይቀዳል።

መቅጃ ክፍሉ መስኮት የለው… ግድግዳው ስፖንጅ… ኮሽ ማለት ክልክል። ሕፃን ደግሞ ዝም አይልም፤ ጎረቤት እትዬ ጋ ቀረች።

ድርጅቱ ተመነደገ። ባለ መስታወት ሕንፃ ገባ። መንገድ የጠፋው፣ መድኃኒት ያጣ፣ የቤት ሥራ የከበደው… ሀገር ምድሩ እሷን ይጠይቃል።

ጠያቂ ሲበዛ አዲስ ቃል ይበዛል። ቃል ሲበዛ እሷ ከዚያች ክፍል አትወጣም።

እትዬም ክፋት አላሰቡም። ልጅቷ ስታስቸግራቸው ስልኩን ከፍተው ነገ ይዘንባል ወይ ብለው ይጠይቃሉ… የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ጸጥ ትላለች።

ልጅቷ ያን ባለቻት ማግስት እናትየዋ መነጽሮ ፊት ቆማ ሁሉንም ነግራው አለቀሰች።

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር…

«እህቴ፣ አንቺ አጥፋው ካልሽኝ ዛሬውኑ በሌላ ሰው ድምፅ እቀይረዋለሁ። ሥራሽንም አታጪም፤ ሌላ ቦታ አዛውርሻለሁ» አላት።

እየበረረች ቤቷ ገባች።

«የኔ ቆንጆ፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ብትሄድና እኔ ብተካስ?»

ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው አሰበች… አሰበችና ስልኩን ይዛ አልጋ ሥር ገባች።

«አይዞሽ እማዬ… እደብቅሻለሁ፣ እሺ?» ስትል ተሰማች።

ስልኩም በእናትየዋ በገዛ ድምፅ መለሰላት…

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ እንደገና ይጠይቁኝ።»

እናትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስንት ጊዜ ደጋግማ የቀዳችው ቃል ነው…

እህቶቼ፣ ለልጆቻችን ብለን ስንሮጥ ልጆቻችን ሳናውቀው ያለ እኛ መኖር ይለምዳሉ። ጥፋቱ የልጁም የስልኩም አይደለም።

መነጽሮ አሁንም መልሷን እየጠበቀ ነው። ብታስጠፋው ልጇ እናቷን ከነሕይወቷ ትቀብራለች… ብትተወው ደግሞ እሷ ማታ ማታ የምትመጣዋ ሆና ልትቀር ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ምከሯት…

ቀስ እያለችም ቢሆን ታነበዋለች።