ፈረሱ የታሰረበት መስኮት

ክንዴ ዳማውን ፈረስ ከትምህርት ቤቱ የምክር ክፍል መስኮት ብረት ላይ ያስራል። ጥላ ያለው በግቢው በር ካለው ዛፍ ሥር ነበር፤ እሱ ግን ሆን ብሎ እዚህ አምጥቶታል። ማን እንደመጣ ይታወቅ።

«አያ ክንዴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሊመዘገቡ ነው?» ይላል ዘበኛው አወቀ ከበሩ ሆኖ።

«የተመዘገበችውን ልወስድ ነው።»

የአወቀ ሳቅ አፉ ላይ ይቀራል።

የተመዘገበችው የልጅ ልጁ ማስተዋል ናት። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። አምና እናቷ ሌላ ባል አግብታ ወደ ጫግኒ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ቤት ውስጥ አፏ ተዘግቷል። «በላሽ?» ሲላት «አዎ»፣ «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ምንም»። በአገውኛም ቢጠይቃት በአማርኛም ያው ነው። ትናንት ጎረቤቱ እንየው መጥቶ፣ «ያንተ ልጅ ምላሷ የተያዘው እቤት ብቻ ነው» አለው። «እዚያች የምክር ክፍል ገብታ የቤትህን ገመና ለጴንጤዋ መምህርት ስትዘረግፍ በዓይኔ አየኋት።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ክንዴ ሲነጋ ኮርቻ ጫነ።

የገባባት የምክር ክፍል ጠባብ ናት፤ ቀድሞ ጠመኔና መጥረጊያ ይቀመጥባት ነበር። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይዛለች። መስኮቷ መከለያ የለውም። ክንዴ ግድግዳውን ይቃኛል፤ የተለጠፈ ጥቅስ የለም። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥርም ያያል።

«የጠፋ ነገር አለ፣ አባቴ?» ትላለች መምህርት ርሆቦት ከወንበሯ ተነሥታ።

«አለ። የልጄ ምላስ።»

ወንበር ትስብለታለች። ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል ተክሎ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

«ጴንጤ ነሽ አሉ።»

«ነኝ። እዚህ ግን አልሰብክም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።»

«ታዲያ ንስሐ የምትቀበዪው በማን ሥልጣን ነው? ልጅቱ የነፍስ አባት አላት።»

«እኔ ኃጢአት አልፈታም፣ አባቴ፤ ቀኖናም አልሰጥም። ተማሪ የከበደው ነገር ሲኖር እሰማለሁ። ከዚያ አብረን መላ እንፈልጋለን።»

«እኮ፣ ምን ከበዳት?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

«አሳዳጊዋ እኔ ነኝ! ንገሪኝ ስልሽ ንገሪኝ እንጂ።»

«ነፍሷን የሚያሰጋ ነገር ቢሆን እርስዎ ሳይመጡ እኔ ቤትዎ እመጣ ነበር። ከዚያ መለስ ያለው የራሷ ነው።»

ክንዴ ወንበሩ ላይ ገባ ብሎ ይቀመጣል። ፈረስ ሲገዛ ከፊት ለፊት አይቶ አይበቃውም፤ ዞሮ ከኋላም ያያል።

«ልጅቱማ ሁሉንም ነግራኛለች» ይላል ድምፁን አለስልሶ። «ቃላችሁ አንድ መሆኑን ልይ ብዬ ነው።»

«እሰይ! ከነገረችዎት እኔ ምን እጨምራለሁ?»

ውሸቱ እንደታወቀበት ያውቃል። አይቆጣም። በሌላ ጎን ይመጣል።

«እሺ፣ የእኔን ተዪው። የእንየው ልጅም እዚህ ይመላለሳል አሉ። እሱስ ምን አግኝቶት ነው?»

ወጥመዱ ይህ ነው። ስለ እንየው ልጅ አንዲት ቃል ካመለጣት፣ የማስተዋልንም ለእንየው አውርታለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጅቱን ከክፍል አስጠርቶ ከኋላው ያፈናጥጣታል፤ ትምህርቱም በዚያው ያበቃል። እሑድ በወላጆች ስብሰባ ላይም ክፍሏ ትዘጋ ብሎ ይነሣል። እሱ ከተነሣ ተቀምጦ የሚቀር የለም።

«ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደማይመጣ አልናገርም» ትላለች ርሆቦት። «አያ እንየው ስለ እርስዎ ልጅ ቢጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው።»

«ጠይቆሽ ያውቃል?»

«እሱንም አልናገርም።»

ክንዴን ሳቅ ሊያመልጠው ይደርሳል። ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲባል ይሰማል፤ በዚች ልጅ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሆድ ግን አላየም።

ታዲያ እንየው በምን አወቀ?

በዓይኔ አየኋት ነበር ያለው። ክንዴ አንገቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ከአጥሩ ወዲያ የገበያው መንገድ ነው። ድንች የጫነ ጋሪ ያልፋል፤ ባለ ጋሪው አንገቱን አስግጎ ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ ያያል። ከጋሪው ኋላ ሁለት ሴቶች ይቆማሉ።

«ያ የክንዴ ፈረስ አይደለም?»

«ነው እንጂ! ያ የግንባሩ ቀይ ዘርፍ ያስታውቃል። ምን ገጥሞት ይሆን?»

«የልጅ ልጁ ናታ። ያቺ ዝምተኛዋ።»

ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። ከመምህርቷ አፍ ያጣው ነገር መንገድ ላይ ወድቆ ይለቀማል። የጣለውም የእሱ ፈረስ ነው።

«ይህን መስኮት ምነው እንዲህ ተውሽው?»

«መከለያ ከጠየቅሁ ቆየሁ። እሑድ ለወላጆች ይቀርባል፤ ክፍሉን ካልዘጋችሁብኝ።»

«ጓሮዬ ለመከለያ የሚሆን ቀርከሃ አለ» ይላል። ዱላውን ተመርኩዞ ይነሣል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

«አንድ ነገር ብቻ» ይላል፣ ፊቱን ሳይመልስ። «ትጠላኛለች?»

ርሆቦት ወደ በሩ ትጠጋለች።

«ይጠይቋት፣ አባቴ። ሲጠይቋት ግን አያቻኩሏት።»

ደወል ይደወላል። ማስተዋል ከመማሪያ ክፍሏ ወጥታ ሜዳውን ታቋርጣለች። ዳማውን ስታይ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

ክንዴ አይጠራትም። ፈረሱን ከመስኮቱ ይፈታል። ቀዩን ዘርፍ ከግንባሩ ላይ አውልቆ ኪሱ ይከታል። ከዚያ እየሳበው በሕንፃው ጀርባ፣ ሰው በማያልፍበት በኩል ይዞራል።

ከኋላው የምክር ክፍሏ በር ሲከፈት፣ ቀስ ብሎም ሲዘጋ ይሰማል። ዞሮ አያይም።