መቀመጥ ያቃታት ልብስ ሰፊ

«ተቀመጪ እንጂ» አለች ሐኪሟ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ዓይኗን ከራጁ ሳታነሳ።

«ግድ የለም ዶክተር፣ ቆሜ ይሻለኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። እንኳን በዚያች ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ፣ ላባ ቢያነጥፉላትም አትቀመጥም ነበር። ወረፋ ስትጠብቅም ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ነው የቆየችው። ሰው ሁሉ እያዘነላት «ነይ እዚህ» ሲላት፣ ማመስገኑ ራሱ ሰልችቷት ነበር።

ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገች፤ አዘነበለችው፤ መልሳ አቀናችው። ዝም። ሐኪም ዝም ካለ ነገር አለ። የታላቅ እህቷም ሐኪም እንዲሁ ነበር ዝም ያለው። እህቷ «ወገቤን ቆረጠኝ» ብላ ጀመረች፤ ሰው «ብርድ ነው» አላት፤ አጥንቷ ውስጥ የተደበቀው ካንሰር ግን ዓመት አላቆያትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ወር ሙሉ ስትተኛም ስትነሳም ይህንኑ ስትል ከርማለች። ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ።

«በይ እስቲ ከሥሩ ንገሪኝ። መቼ ጀመረሽ?»

«ከአራት ወር በፊት ደረጃ ላይ አዳልጦኝ በመቀመጫዬ ወደቅኩ። እሱስ እየተሻለኝ ነበር፤ መልሶ ባሰበት እንጂ። ስቀመጥ ይወጋኛል። ስነሳማ ነፍሴ ልትወጣ ይደርሳል።»

«ክብደት ቀንሰሻል?»

«ኧረ እንዲያውም ቀሚሴን አስፍቻለሁ።»

«ሌሊት ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? እግርሽን ያደነዝዝሻል? ሽንት መቆጣጠር ያቅትሻል?»

ሁሉንም የለም አለች። ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ፣ መልሷ ደግ ይሁን ክፉ ከሐኪሟ ፊት ላይ ለማንበብ ትሞክራለች።

ሐኪሟ አስተኝታ ዳሰሰቻት። ጣቷ የአከርካሪዋ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ያዘች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት። ይንገሩኝ ዶክተር፣ አይደብቁኝ። እህቴ ተደብቆባት፣ ሕመሟን ሳታውቅ ነው የሞተችው።»

«ምኑን ልደብቅሽ? አልተሰበረም፤ ራጁ ላይም መጥፎ ነገር የለም። የጭራ አጥንትሽ ነው የተቆጣው።»

«ጭራ የለኝም እኮ» አለች ሳታስበው።

ሐኪሟ ሳቀች። «ለሁላችንም ጫፏ ቀርታልናለች። አንቺ እሷ ላይ ነው የተቀመጥሽው።»

ልብስ ሰፊዋ ግን መሳቅ አልቻለችም። «ታዲያ በአራት ወር እንዴት አልዳነም?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ?»

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት? ምን ቢሰፋ ነው?»

«ዩኒፎርም።» አንገቷን ደፋች። «የልጄን።»

ልጇ ሰባተኛ ክፍል ናት። እናት ከደንበኛ ሥራ በኋላ እያመሸች የስምንተኛውን፣ የዘጠነኛውን፣ የአሥረኛውንና የአሥራ አንደኛውን ሰፍታ ሻንጣ ውስጥ ከታለች። ልጅቷ እንዳትጠረጥር አልለካቻትም፤ ቁመቱን በግምት፣ ወገቡን በራሷ ልክ እያደረገች ቆረጠች። አባትየው ደግ ሰው ነው፤ ቁልፍ መትከል ግን አይችልም። ልጄን ለሰው እጅ ትቼ እንዴት እሄዳለሁ ብላ ነው። ይህንኑ ሁሉ ለሐኪሟ ነገረቻት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ውድቀቱስ ቶሎ በለቀቀሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንዳትድኚ ያደረገሽ መቀመጡ ነው።»

ከዚያ ማድረግ ያለባትን ነገረቻት። ጠንከር ያለ ስፖንጅ ወስዳ ከኋላው በኩል ቆርጣ ክፍተት ታብጅለትና እሱ ላይ ትቀመጥ፣ አጥንቷን ምንም እንዳይነካው። ስትቀመጥ ወደ ፊት ዘንበል ትበል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ትነሳ፤ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ትያዝበት። ማስታገሻም ለጥቂት ቀን ጻፈችላት። «በስድስት ሳምንት ካልቀነሰልሽ ተመለሺ። የማታውን ስፌት ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።»

«እሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ደጋግማ «እሺ» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን አላስችል አላት።

«አንድ ብቻ ቀርቶኛል ዶክተር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ። ጨርቁም ተገዝቷል፤ እሱን ጨርሼ...»

«የእሱ ጊዜ ሲደርስ» አለች ሐኪሟ፣ «ልጅሽን ፊትሽ አቁመሽ፣ ለክተሽ ትሰፊላታለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። ልጇ ታየቻት፦ «እማዬ ቶሎ በይ» እያለች የምትቁነጠነጥ፣ ረጅም፣ ትከሻዋን ለመለካት እናትየው በእግር ጣቶቿ መቆም ያለባት።