ባሊላዋ እንደነበረች

ካዛንቺስ ውስጥ አቶ ተከስተን የማያውቅ ሰው መኪናቸውን ያውቃል። ፊያት ባሊላ ናት። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የተሠራች፣ አባታቸው አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ የገዟት፣ ለጌታ ሳይሆን ለቤተሰብ የታሰበች ተራ መኪና። ቀለሟ የፋብሪካው ነው። ፓራፋንጎዋ፣ ክላክሷ፣ የወንበሯ ቆዳ ሳይቀር እንደነበረ ነው።

አቶ ተከስተ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውሏታል። ከውጭ ብቻ። ከብዙ ዓመት ወዲህ ገብተው ተቀምጠውባት አያውቁም፤ ቂርቆስ ለመሳለም እንኳን በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

«ሰውዬው ሳስቶላት ነው» ይላል ሰፈሩ።

ልጃቸው ፍሬአብ በለገሃር መስመር ሚኒባስ ይነዳል። እናቱ ልጅ እያለ ታማ ሞታለች፤ አባቱ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ታዲያ በምን ይክሳቸው? ባሊላዋን ይጠብቅላቸዋል። «የቶዮታ ሞተር እንግጠምላትና ትብረር» ያለውን መካኒክ ሊደበድበው ምንም አልቀረው። አንድ መብራት ቢሰበር ከተማውን አስሶ ያንኑ ዓይነት ያመጣል። አባቱ አይተው «ተባረክ» ይሉና ወደ ቤት ይገባሉ። ደስታቸውን ለመደበቅ ነው፤ ፍሬአብ አባቱን ያውቃል።

አንዴ ገዢ መጣ። መስቀል ፍላወር ሆቴል ያለው ሰው ነው፤ በሩ ላይ ለጌጥ ሊያቆማት። አቶ ተከስተ ዞረው ልጃቸውን አዩት።

«አትሸጥም!» አለ ፍሬአብ። «አይደል አባዬ?»

«አንተ ካልክ» አሉ።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። ለነአቶ ተከስተ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ፍሬአብ እጮኛ አለው፤ ልደት ትባላለች። ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ወዲያው መጋረጃ ማሰፋት ጀመረች።

«እንግዲህ እሷን የት እናደርጋታለን?» አሉ አቶ ተከስተ ባሊላዋን እያዩ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

ያቺ መንቀጥቀጥ የፍሬአብን አንጀት በላችው።

«አታስብ አባዬ። እኔ እያለሁ ሜዳ ላይ አትወድቅም።»

አባቱ በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ። እስኪመሽ አልተነሱም።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር ቢያቆሟት ሌባ ግጦ አጥንቷን ነው የሚያስቀርላቸው። ስለዚህ ፍሬአብ ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ግቢ ያለው የጭቃ ቤት ተከራየ። ግቢው ለባሊላዋ ይበቃል። ቤቱ ግን አንድ ክፍል ነው፤ ለአባትና ለልጅ እንጂ ለሙሽራ አይሆንም።

«ቆይ፣ እኔ የት ልተኛ ነው? የባሊላዋ ፖርታባጋሊዮ ውስጥ?» አለች ልደት።

«በቃ ትንሽ ታገሺኝ። ማለቴ... አባዬ እስካለ ድረስ...»

«እስኪሞቱ ልጠብቅልህ? ኧረ ነውር ነው! ለምን አትነግራቸውም?»

«ምን ብዬ? ‹መኪናህን ጣልልኝና ላግባ› ልበለው? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

«ከይሉኝታህ ጋር ኑር» አለች። «አባትህ የወለዱት እሷን ነው፤ አንተ ዘበኛዋ ነህ።»

መጋረጃዋን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወጣች። ተመልሳም አልመጣች፣ ስልክም አላነሳች።

«ልደት ጠፋችሳ?» አሉ አቶ ተከስተ ሰንበት ብለው።

«ሥራ በዝቶባት ነው አባዬ።»

አቶ ተከስተ ጨርቃቸውን አንስተው መወልወል ቀጠሉ።

የሚነሱበት ቀን ደረሰ። ገቢሳ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር መጣና ባሊላዋን ጫነ። ፍሬአብ እንዳትጫር ዙሪያዋን በራሱ ብርድ ልብስ ጠቀለላት፤ ከዚያ የግቢውን በር ሊከፍት ቀድሞ ሄደ። አቶ ተከስተ ጋቢና ገቡ። መኪናው በፈረሰው ሰፈር መሀል ቀስ እያለ ወጣ።

«የታደሉ አባት ነዎት» አለ ገቢሳ። «የኔ ልጅ ቢሆን ገና ድሮ ለቆራሌው ሰጥቷት ነበር።»

አቶ ተከስተ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ለገሃርን አለፉ።

«አንተን ነገ አላገኝህም» አሉ በመጨረሻ። «ለሱ ግን እንዳትነግርብኝ።»

«ምኑን አባባ?»

«ይቺው መኪና ሆስፒታል ሳንደርስ መንገድ ላይ ቆማብኝ፣ እናቱ እውስጧ ሞተችብኝ፤ ልጄ ስለሚወዳት እንጂ እኔማ ያኔውኑ አቃጥያት ነበር።»